ሮቃ በድስት፦ አመራረጡ፣ አዘገጃጀቱና የምግብ ይዘቱ

ከጣርማ በር ቁልቁል ተወርዶ፣ ደብረ ሲና ታልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ገብሱና ባሕር ዛፉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ግራሩና ሮቃው ይመጣል። ሮቃ ሙቀት የሚወድ የቆላ ዛፍ ነው፤ አንዳንድ አካባቢ ሁመር ይሉታል። ፍሬውን ልጆች መጥጠው ዘሩን ይተፉታል፤ ወጥ ቤት የገባ እንደሆነ ደግሞ አብዛኛው ሰው እንደ ሎሚ ይቆጥረውና በሎሚ ልክና በሎሚ ሰዓት ይጨምረዋል። ወጡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሮቃ ኮምጣጣ ቢሆንም ኮምጣጣነቱ ከሎሚ ይለያል፦ ከበድ ይላል፣ ምላስ ላይ ይቆያል፣ ቢፈላም አይጠፋም፣ ከሥሩም ጣፋጭነት አለው። መቼና ምን ያህል እንደሚገባ ከታወቀ ግን ለጾም ወጥ፣ ለአዚፋና ለጥብስ የሚተካከለው አይገኝም።

ሌላው ዓለም ታማሪንድ ይለዋል፤ ስሙ የመጣው ከዓረብኛው «ተምር ሂንዲ» ነው፣ የህንድ ተምር እንደ ማለት። ስሙ ህንድን ይጥራ እንጂ ዛፉ የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ተምርም አይደለም፤ ዘመዶቹ ባቄላና ምስር ናቸው፣ ለዚህም ነው ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት ረዘም ብሎ ዘሩን በመስመር የሚደረድረው።

ገበያ ላይ ሲመርጡ

አንዱን ፍሬ አንሥተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ጫን ያድርጉት። የበሰለው ቅርፊት እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ሲላጥ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ሥጋ ከቅርፊቱ ተላቅቆ ይታያል፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ጠንካራ ጅማቶችም ይዘውታል። ቅርፊቱ አልላጥ ብሎ ከሥጋው ጋር ከተጣበቀ፣ ውስጡም ወደ አረንጓዴ ካደላ ገና ጥሬ ነው። ጥሬው ጥርስ ያጠርሳል፤ ጣፋጭነቱም ገና ስላልመጣ ለወጥ ብዙ አይመችም።

ቅርፊቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ካዩ ነቀዝ ገብቶበታል። ሻጯን «እናቴ፣ የዘንድሮ ነው የአምና?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ መልሱንም አንዱን ሰብረው ከቀለሙ ያረጋግጡ። የዘንድሮው ሥጋ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው። እየቆየ ሲሄድ ይጠቁራል፤ ዓመት ያለፈው ጥቁር ሊባል ይችላል። የጠቆረ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይበላል፤ ነገር ግን መዓዛው ይቀንሳል፣ ወጡንም ያጠቁረዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ያለበትን ግን በማጠብ ለማዳን አይሞክሩ፣ ይጣሉት። ቅርፊቱ ተላጦ፣ ተጠፍጥፎ የሚሸጠውን ሲገዙ ቆንጥረው ይቅመሱ፦ አሸዋ ካንቀጫቀጨ ወይም ጨው ከበዛበት ይተውት። ጨው የተቀላቀለበት ከሆነ የወጡን ጨው መቀነስ አለብዎት።

ምን ያህል ይግዙ? ከ1 ኪሎ ከነቅርፊቱ ሮቃ የሚገኘው ሥጋ ከ300 እስከ 500 ግራም ነው። ቀሪው ቅርፊት፣ ጅማትና ዘር ነው።

ለሁሉም መነሻ የሚሆነው ወፍራም ጭማቂ

ሮቃን እንዳለ ድስት ውስጥ አይጨምሩ። አስቀድሞ ጭማቂው ይዘጋጅ፤ ከዚያ በኋላ በማንኪያ መለካት ይቻላል። ቅርፊቱና ጅማቱ የወጣለት ከነዘሩ 200 ግራም ሮቃ፣ 300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ለሁለተኛ እሽት ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ቅርፊቱን ሲያወልቁ ፍርፋሪው በሥጋው ላይ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ሥጋው ስለሚያጣብቅ ትንንሽ ስብርባሪ ይይዛል፣ ኋላ ጥርስ ውስጥ የሚንቀጫቀጨው ይኸው ነው። ጅማቶቹን ከአንገቱ በኩል ይዘው ወደ ታች ቢስቧቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ይወጣሉ። ሥጋውን በሸክላ፣ በመስታወት ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ አድርገው የፈላውን ውሃ ያፍስሱበትና ከድነው 30 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ በታጠበ እጅ ለ5 ደቂቃ ያህል ይሹት፤ ዘሩ ከሥጋው ተላቅቆ እጅ ውስጥ ሙልጭልጭ ሲል በቅቶታል። በወንፊት ያጥልሉት፣ በማንኪያ ጀርባ እየጫኑ ሥጋው እንዲያልፍ ያድርጉ፤ የወንፊቱን ሥር መጥረግ አይርሱ፣ ወፍራሙ ክፍል የሚቀረው እዚያ ነው። ወንፊቱ ላይ በቀረው ላይ 100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ጨምረው አንዴ ይድገሙት። ወደ 350 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ፣ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ጭማቂ ይገኛል።

ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ ሮቃውን ከነዘሩ እሳት ላይ ጥደው አያፍሉት። የዘሩ ቡናማ ልጣጭ ታኒን የሚባል ነገር አለው፤ ሲቀቀል ጭማቂውን መራራ ያደርገዋል፣ አፍም ያደርቃል። በመፍጫ ማሽን ከነዘሩ መፍጨት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው።

የአሉሚኒየም ድስትም ለሮቃ አይሆንም። በሥጋው ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ከክብደቱ ከ8 እስከ 18 በመቶ ይደርሳል፤ አሉሚኒየምንና መዳብን ይበላል፣ ጭማቂውም ብረት ብረት የሚል ጣዕም ያመጣል። ወጡ በአሉሚኒየም ድስት ካልሆነ አልሠራም ካሉ ሮቃውን በመጨረሻው ደቂቃ ጨምረው ወጡን ወዲያው ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት፤ በድስቱ ውስጥ አይደር።

ይህ ጭማቂ ማቀዝቀዣ ውስጥ 5 ቀን ያህል ይቆያል። በማይዝግ ድስት 10 ደቂቃ በመጠነኛ እሳት ካንተከተኩትና በፈላ ውሃ በተቀቀለ ጠርሙስ ትኩሱን ከሞሉት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ይደርሳል። ክዳኑ ሲከፈት ፍስስ ካለ ወይም አረፋ ካወጣ መፍላት ጀምሯል፣ ይደፋ። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት የሚሻለው ጭማቂ አድርጎ ማኖር ሳይሆን ሥጋውን ማድረቅ ነው፦ ዘሩ ለወጣለት 1 ኪሎ ሥጋ ከ50 እስከ 100 ግራም ጨው አሽተው፣ እንደ ብርቱካን አድቦልቡለው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ ያስቀምጡት።

የጾም ምስር ወጥ በሮቃ

ሮቃ የሚጨመረው ምስሩ ፈጽሞ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ለሽምብራም፣ ለአተር ክክም፣ ለባቄላም ሕጉ ያው ነው። የጥራጥሬን ሕዋስ አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር በኮምጣጣ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ ሮቃ ገና በጥሬው የገባበት ምስር ሁለት ሰዓት ቢቀቀልም እንደ ጠጠር ይቆያል። ደጋው ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥራጥሬ እንዲያውም ቀስ ብሎ ነው የሚበስል። ሸዋ ሮቢት ላይ በ25 ደቂቃ የሚፈርስ ምስር ደብረ ብርሃን ላይ 40 ደቂቃ ቢፈልግ አይግረምዎ።

ከ6 እስከ 8 ሰው ለሚበላው 500 ግራም ክክ ምስር፣ 500 ግራም ሽንኩርት፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ 1.5 ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ፣ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ እና 3 የሾርባ ማንኪያ የሮቃ ጭማቂ ያዘጋጁ።

ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይብሰል፣ ከዚያ ዘይትና በርበሬው ይግባ፤ በትንሽ በትንሹ ውሃ እያጠጡ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያቁላሉት። ሮቃ የጥሬ በርበሬን ጣዕም አጉልቶ ያወጣዋል እንጂ አይሸፍነውም፤ ስለዚህ ቁሌቱ ላይ አይቸኩሉ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቀጥሎ የታጠበውን ምስርና ሙቁን ውሃ ይጨምሩ። መብሰሉን ለማወቅ ጥቂት ምስር በማንኪያ ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር ጫን ያድርጉ፤ ሳይታገል ከላመ በስሏል። ያኔ እሳቱን ቀንሰው ሁለት ማንኪያ ሮቃ ብቻ ይጨምሩ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨውና መከለሻውን አግብተው ያውርዱት፤ 10 ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይቅመሱት። ትኩስ ወጥ ላይ ኮምጣጣነቱ በትክክል አይለይም። ሦስተኛው ማንኪያ የሚወሰነው ያኔ ነው።

የሚወስነውም እንጀራው ነው። ሮቃ በቅቤና በሩዝ ከሚበላበት አገር የተወሰደ ልክ እኛ ጋ የሚበዛው እንጀራችን ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ነው። በደንብ ለቦካ እንጀራ ሁለት ማንኪያ ይበቃል፤ ለአፍለኛ ሦስትም አራትም ይችላል። ቀማሹ ወጡን በማንኪያ ብቻ ሳይሆን በእንጀራ ቆርሶ ይቅመሰው።

ከልክ ካለፈ ስኳር ላይ አይሩጡ። የተሻለው ለብቻው የተቀቀለ ግማሽ ኩባያ ምስር ወይም በዘይት የበሰለ ሽንኩርት ጨምሮ ማስፋት ነው። ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ ኮምጣጣውን መግደል የሚቻል ይመስላል፤ ወጡ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይጠፋል። ሮቃው ቀድሞ ገብቶ ምስሩ አልበስል ካለም መድኃኒቱ ያው ነው፦ ሌላ ምስር በንጹሕ ውሃ ቀቅሎ መቀላቀል።

ለሽሮ አንድ የሻይ ማንኪያ ከበቂ በላይ ነው፤ ለዚያውም ከመውረዱ 3 ደቂቃ ሲቀረው።

አዚፋ፣ ጥብስ፣ አዋዜ

አዚፋ ላይ ሮቃ ሎሚን በሚገባ ይተካል፤ ቀለሙን ግን ያጠቁረዋል። ለ250 ግራም ድፍን ምስር፣ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጠልሎ፣ ቀዝቅዞ በግማሽ ከተፈጨ በኋላ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል የሮቃ ጭማቂ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ደቃቅ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያና ጨው ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሰናፍጩን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰው 10 ደቂቃ ይተዉት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይል የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ደረቁን ሰናፍጭ በቀጥታ ሮቃ ውስጥ ከነሰነሱት አሲዱ ያን ኃይል ከማውጣት ያግደዋል፤ አዚፋው ይመርና ሳይሰነፍጥ ይቀራል።

ለፍየል ሥጋ፦ ለ1 ኪሎ የተከተፈ ሥጋ 2 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ፣ 1 ማንኪያ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት አሽተው 1 ሰዓት ይተዉት። አሳድረው አይጥበሱት፤ አሲዱ ላዩን ያላሽቀዋል፣ ውስጡንም ያደርቀዋል። ሮቃ ስኳር ስላለው ምጣዱ ላይ ቶሎ ያርራል፤ ሥጋውን ከማስገባትዎ በፊት የቀረውን ጭማቂ ያጥልሉለት፣ ተጠብሶ ሊወርድ ሲል መልሰው ሊያፈሱበት ይችላሉ። ለአዋዜ ደግሞ በርበሬውን በውሃ ከማላላት ይልቅ ለ3 ማንኪያ በርበሬ 2 ማንኪያ ሮቃና 1 ማንኪያ ዘይት ይሞክሩ።

የሮቃ ውሃ

ዘሩ የወጣለት 100 ግራም ሥጋ (ከነዘሩ ከሆነ ከ160 እስከ 180 ግራም) በ1 ሊትር ውሃ ይዘፈዘፋል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታከመ ይሁን፤ ሮቃ ኮምጣጣ ስለሆነ ጀርም ይገድላል ብሎ ያልተጣራ ውሃ መጠጣት አያዋጣም። ከ1 ሰዓት በኋላ አሽተው፣ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት። ትንሽ የተቀጠቀጠ ዝንጅብልና ቁንጥር ጨው ይስማማዋል። ሲቀመጥ ከሥሩ ይዘቅጣል፤ የፍሬው ሥጋ ስለሆነ አይድፉት፣ በጥብጠው ይቅዱት።

ስኳሩን በልክ። ፍሬው ራሱ 100 ግራም ውስጥ 57 ግራም ያህል ስኳር አለው። በዚያ ላይ 80 ግራም ቢጨመር አንድ የ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ወደ 34 ግራም ስኳር ይይዛል፣ ከ8 የሻይ ማንኪያ በላይ ማለት ነው። ለ1 ሊትር 30 ግራም ጨምሮ መጀመር ይሻላል።

ምን ይመግበናል?

መቶ ግራም የሮቃ ሥጋ 239 ኪሎ ካሎሪ፣ 62.5 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 5.1 ግራም አሰር፣ 2.8 ግራም ፕሮቲን፣ 628 ሚሊ ግራም ፖታሲየም፣ 92 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም፣ 74 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 2.8 ሚሊ ግራም ብረት አለው። ቫይታሚን ቢ1ም 0.43 ሚሊ ግራም ነው፣ ለፍራፍሬ ብዙ ነው።

ቫይታሚን ሲ ግን 3.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የሎሚ ጭማቂ በ100 ግራም ወደ 39 ሚሊ ግራም አለው። ኮምጣጣ የሆነ ሁሉ ቫይታሚን ሲ ያለው ይመስለናል፤ ሮቃን ያኮመጠጠው ታርታሪክ አሲድ ነው። ለቫይታሚን ሲ ሲሉ ሎሚን በሮቃ የተኩ ሰዎች ቃሪያውን ከማዕድ አያጉድሉ።

ደግሞም 100 ግራም በአንድ ጊዜ የሚበላ የለም። ከላይ ባዘጋጀነው ጭማቂ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ያለው ሥጋ 5 ግራም ገደማ ነው፤ ማዕድናቱ ኢምንት ናቸው። ከሮቃ ውሃ አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ ቢበዛ 157 ሚሊ ግራም ፖታሲየምና 23 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም ይገኛል። በወጥ ውስጥ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ እንዲህ ያሉ አሲዶች በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛሉ። ያን ጥቅም የሚያጠፋው ከምግቡ ጋር ተያይዞ የሚጠጣው ሻይና ቡና ነው፤ ቡናው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ይሻላል።

ማን ይጠንቀቅ?

ጨጓራ የሚያመው ሰው በባዶ ሆድ አይጠጣው። ብዙ ከተጠጣ ሆድ ያላላል፤ ድርቀት ላለበት ይረዳል፣ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ግን ይጎዳል። የስኳር ሕመምተኛ የፍሬውን ስኳር ከሌላው ምግብ ጋር ይቁጠረው። ፖታሲየም እንዲቀንስ የተነገረው የኩላሊት ሕመምተኛ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሮቃ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን እንደሚጨምር ታይቷል፤ እነዚህን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት ከመጠቀሙ በፊት ያማክር። ሮቃ ከጠጡ በኋላ አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ጥርስ ለመቦረሽ ግን ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፣ አሲዱ ያለሰለሰውን የጥርስ ገለፈት ብሩሹ ይፍቀዋል። ለሕፃን ከነዘሩ አይስጡ፣ ያንቃል።

ትኩሳት ሲይዝ ሮቃ በጥብጦ መጠጣት በቆላው ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጥም ይቆርጣል፣ ፈሳሽም ይተካል። ወባን ግን አያድንም። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ ቆላ የመጣ ትኩሳት ደም ሳይመረመር ውሎ ማደር የለበትም።

ዘሩን ከመጣል

ከወንፊቱ የቀረውን ዘር አጥበው ያድርቁት። ለመብል የሚሆነው ከተቆላና ቡናማ ልጣጩ ከተላቀቀ በኋላ ውስጡ ያለው ነጭ ክፍል ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ለሰዓታት ተዘፍዝፎ ይቀቀላል ወይም ይፈጫል። ለመትከል ያልተቆላውን 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አንድ ጣት መገጣጠሚያ በሚያህል ጥልቀት አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ይትከሉት፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ውርጭ ስለሚገድለው ደብረ ብርሃንና መንዝ አይሆንም፣ ቀወትና ኤፍራታ ቆላው ላይ ይሆናል። ከዘር የበቀለ ሮቃ ፍሬ ለማሳየት 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ሲያድግ ሰፊ ጥላ ስለሚጥል ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 10 ሜትር ራቅ አድርገው ይትከሉት።